ሲያልቅ አያምር የተባለለት ዓመት

«አጎቴ፣ እነዚያ ልጆች እኮ ልባቸው ቀድሞ ሄዶ ነበር።»

እንዲህ ያለኝ የእህቴ ልጅ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዶ ያደገ፣ ኋላም የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ባለበት ኮሌጅ ፓርክ የተማረ። ስለ ዩኒቨርሲቲው የቅርጫት ኳስ ቡድን ስናወራ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ ኤሲሲ በሚባለው ኮንፈረንስ (የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች ሊግ) ውስጥ ያሳለፉት የመጨረሻ ዓመት ላይ ደረሰ፤ በፈረንጆቹ 2013 መገባደጃ ተጀምሮ 2014 መጋቢት ላይ ያለቀው የውድድር ዘመን። እሱ ያኔ ገና ልጅ ስለነበር የሚያውቀው ውጤቱን ነው። 17 ድል፣ 15 ሽንፈት። በሚቀጥለው ዓመት ቢግ ቴን የሚባል ሌላ ኮንፈረንስ ገብተው 28 አሸንፈው 7 ብቻ መሸነፋቸውን ሲጨምርበት፣ ነገሩ ለእሱ አለቀ፤ መልቀቅ ነበረባቸው፣ ለቀቁ፣ ቀናቸው። ያ ዓመት ጓዝ የተሸከፈበት ዓመት ብቻ ነበር ማለት ነው።

አባባሉ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ያንን ዓመት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከታትየዋለሁ፤ ልቡ የሄደ ቡድን አላየሁም። ያየሁት ሌላ ነገር ነው።

ከፓርኪንጉ ቡዝ

ያኔ ዲሲ መሀል ከተማ፣ ምድር ቤት ያለ ፓርኪንግ ውስጥ የማታ ሺፍት እሠራ ነበር። አብረውኝ የሚሠሩት ጋሼ (ሁላችንም የምንጠራቸው እንዲሁ ነበር) አሜሪካ የገቡት በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። ገንዘብ መቀበያዋ ቡዝ ውስጥ አንድ አሮጌ ሬዲዮ ነበራቸው። እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ጆኒ ሆሊዴይ ነው ይሉ ነበር። ሆሊዴይ ከ1979 ጀምሮ የሜሪላንድን ጨዋታ በሬዲዮ ሲያስተላልፍ የኖረ ሰውዬ ነው። ጋሼ የሜሪላንዱን ኮከብ ሌን ባያስን ሲጫወት አይተውታል። በ1986 ሰኔ ቦስተን ሴልቲክስ በመረጠው በሁለተኛው ቀን ሞቱ ሲሰማ የት ቆመው እንደነበር ይነግሩኛል። ሲነግሩኝ ሁልጊዜ ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

የዚያ ዓመት ጣጣ ከመነሻው ጀመረ። ሴት አለን፣ ኳስ አቀባዩ፣ ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው እግሩ ተሰብሮ ወጣ፤ ሲመለስ የዓመቱ አንድ ሦስተኛ ሄዷል። መጀመሪያው ጨዋታ ብሩክሊን ላይ ከኮኔቲከት ጋር ነበር፤ 78 ለ 77፣ በአንድ ነጥብ ተሸነፉ። ያ ኮኔቲከት ሚያዝያ ላይ የሀገሪቱን ዋንጫ በላ! በታኅሣሥ ከጆርጅ ዋሽንግተን ጋር ሲጫወቱ፣ የዚሁ የሜሪላንድ ልጅ የሆነው ሞሪስ ክሪክ በመጨረሻዋ ቅጽበት አስቆጠረባቸው፤ 77 ለ 75። ከዚያ በገዛ ሜዳቸው ለቦስተን ዩኒቨርሲቲ እጅ ሰጡ። በዚያች ማታ ጋሼ ሬዲዮውን ሳይጨርሱት ዘጉት። እንዲህ ሲያደርጉ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

ደጋፊው ሁሉ ያኔ አንድ ቃል ያዘ፤ ሲያልቅ አያምር። እኛ ፓርኪንግ ውስጥ ያለነው ሐበሾችም እንደዚያው። አንድ ሽንፈት በመጣ ቁጥር «በቃ፣ እየወጡ አይደል» ይባላል። እኔ ግን ሽንፈቱን ሳየው ይህ አባባል አይገጥምልኝም። ግድ ያጣ ቡድን በሃያ ነጥብ ነው የሚሸነፈው። እርግጥ እንዲያም የሆኑባቸው ቀናት ነበሩ፤ ፒትስበርግ ላይ 79 ለ 59፣ ታላሃሲ ላይ 85 ለ 61። የባሰው ሕመም ግን የአንድና የሁለት ነጥብ ነበር። በአንድ ነጥብ የሚሸነፍ ቡድን እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ እየታገለ ነው።

የድሮ ባላጋራችን የዱክ ጨዋታ ደግሞ አለ። በየካቲት አጋማሽ፣ ቅዳሜ ማታ። በዚያ ሳምንት የጣለው በረዶ ከፓርኪንጉ አፍ ላይ ተዝቆ ጥግ ተከምሯል፤ መኪና እምብዛም አልነበረም። ሁለታችን ቡዟ ውስጥ ተጠጋግተን ቆመናል። ከሜዳቸው ውጪ፣ ካሜሮን አዳራሽ፣ ማንም እንግዳ ቡድን በማይወደው ቦታ፣ ሜሪላንድ መጨረሻው ደቂቃዎች ድረስ ተናንቋል። የዱኩ ጃባሪ ፓርከር ዳንክ አደረገና (ኳሷን ከላይ ቅርጫቱ ውስጥ ከተታትና) ዱክ መራ። የመጨረሻዋ ኳስ የእኛው ቻርልስ ሚቼል እጅ ገባች፤ ከቅርጫቱ ሥር በአንድ እጁ አዙሮ ወረወራት። ኳሷ ብረቱ ላይ ነጠረች። በሬዲዮ የሚሰማ ሰው እንዲህ ባለች ቅጽበት አየር ያጥረዋል፤ ተናጋሪው ዝም ይላል፣ አዳራሹ ብቻ ይጮኻል፣ አንተ ጩኸቱ የማን እንደሆነ ለመለየት ትሞክራለህ። አልገባችም። 69 ለ 67።

ጋሼ ብዙ ቆዩና «ዘንድሮ እኮ ወደ ቤታችን አይመጡም» አሉኝ።

ያልመጡት እንግዶች

ይህን ሲሉኝ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ኋላ የጨዋታውን ሰሌዳ አውጥቼ አየሁት። ኤሲሲ በዚያ ዓመት 15 ቡድን ስለሆነ እያንዳንዱ ቡድን ከእያንዳንዱ ጋር ሁለቴ አይገናኝም፤ ከጥቂቶቹ ጋር ሁለቴ ትገናኛለህ፣ ከቀሩት ግማሾቹ ይመጡልሃል፣ ግማሾቹ ጋ አንተ ትሄዳለህ። እና በመጨረሻው ዓመት ዱክ ወደ ኮሌጅ ፓርክ አልመጣም። ኖርዝ ካሮላይናም አልመጣም። ኖርዝ ካሮላይና ስቴትም አልመጣም። ከአራቱ የሰሜን ካሮላይና ግዛት ቡድኖች የመጣው ዌክ ፎረስት ብቻ ነው። ሜሪላንድ በ1953 ኤሲሲን ከመሠረቱት አንዱ ነው። ስድሳ ዓመት ከተፋለማቸው ሰዎች ጋር ቤቱ ሆኖ ሳይሰነባበት ወጣ።

በምትኩ የመጣውን ተመልከቱ። ሲራክዩስ፣ ፒትስበርግ፣ ኖተር ዳም፤ ሦስቱም በዚያው ዓመት ኤሲሲን የተቀላቀሉ አዲሶች ናቸው። የዐቢይ ጾም በገባበት ሰኞ ሲራክዩስ ኮሌጅ ፓርክ መጥቶ 57 ለ 55 አሸንፎ ሄደ። ሽንፈቱ ሽንፈት ነው፤ ግን እንደ ዱኩ አላመመም። ከሲራክዩስ ጋር ቂም የለንም፣ ትዝታም የለንም። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባል የለ? የማያውቁት ባላጋራም አያንገበግብም። ሲራክዩስስ ቢሆን ለዚህ ሲል እዚሁ ጎረቤታችን ካለው ከጆርጅታውን ጋር የነበረውን የስንት ዓመት ፉክክር ትቶ አይደል የመጣው? ሁሉም የራሱን ባላጋራ ጥሎ የሌላውን ሰው ባላጋራ ሊያገኝ ይሮጣል።

እዚህ ላይ ስለ ገንዘቡ ካልተናገርኩ ፍርዴ የተዛባ ይሆናል። ዩኒቨርሲቲው በጨዋታ ስሜት ተነስቶ አልወጣም። የስፖርት ክፍሉ በኪሳራ ላይ ስለነበር በ2012 ሰባት ቡድኖች ዘጋ፤ ዋናው፣ የወንዶች ቴኒሱ፣ የወንዶች አገር አቋራጭ ሩጫው ሁሉ ቀረ። እኛ በሩጫ ያደግን ሰዎች ይህን ስንሰማ ሆድ ይብሰናል፤ ጫማና ሜዳ ብቻ የሚፈልግ ስፖርት እንዴት ይዘጋል? ግን ተዘጋ። በዚያው ዓመት በፈረንጆቹ ኅዳር 19 ቀን የዩኒቨርሲቲው ፕሬዝዳንት ዋላስ ሎ ወደ ቢግ ቴን እንደሚሄዱ አስታወቁ። ቢግ ቴን የራሱ ቴሌቪዥን ጣቢያ አለው፣ ለአባላቱ የሚያከፋፍለው ገንዘብ ብዙ ነው። ኤሲሲ በበኩሉ የመልቀቂያ ቅጣት ብሎ ከ52 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጠየቀና ፍርድ ቤት ቆመ። ሜሪላንድም መልሶ ከሰሰ። ልጆቹ ከዱክ ጋር ሲታገሉ፣ ድርሻቸው የሆነው ገንዘብ ኤሲሲ ዘንድ ታግዶ፣ ጠበቆች በሌላ ክፍል ይታገሉ ነበር። በመጨረሻ በ2014 ነሐሴ ኤሲሲ የያዘውን 31 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስቀርቶ ተስማሙ።

ስለዚህ ውሳኔው እብደት ነበር አልልም። የምለው ሌላ ነው። ውሳኔው ሲወሰን ሚቼል፣ አለን፣ ጄክ ሌይማንና ሻኪል ክሌር ኮሌጅ ከገቡ የመጀመሪያ ሴሚስተራቸውን እንኳ አልጨረሱም። ዴዝ ዌልስ ከሌላ ኮሌጅ የተዛወረው በዚያው ክረምት ነው፤ የራሌ ልጅ ነው፣ ዱክና ኖርዝ ካሮላይና የልጅነት ሰፈሩ ናቸው። ማንም አልጠየቃቸውም። ኤሲሲ እንጫወታለን ብለው የመጡ የአሥራ ስምንትና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጆች ናቸው። ከዚያ በየአዳራሹ «ከዳተኞች» የሚለውን ስድብ የተሸከሙት እነሱ ሆኑ። የሄደ ልብ ካለ የእነሱ አልነበረም።

የምኩራብ እሑድ

መጋቢት 9 በፈረንጆቹ፣ እሑድ ዋለ። በእኛ የጾሙ ሦስተኛ ሳምንት፣ ምኩራብ ነበር። በዚያች ሌሊት ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደፊት ስለተገፋ ግማሹ ምእመን ቅዳሴው ላይ ዘግይቶ ነው የደረሰ። ጋሼን ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ወሰድኳቸው፤ ነጠላቸውን አጣጥፈው የመኪናው ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጡ፣ ኪሳቸው ውስጥ ቆሎ ነበራቸው። ቡድኑ የሚጫወትበት አዳራሽ፣ ኮምካስት ሴንተር፣ ገባን። የመጨረሻው የኤሲሲ ጨዋታ በሜዳችን፣ ከቨርጂኒያ ጋር።

ቨርጂኒያ በዚያ ዓመት የኤሲሲን መደበኛ ውድድር አሸንፎ የመጣ፣ በሀገሪቱ አምስተኛ ደረጃ የተሰጠው ቡድን ነው። እኛ ደግሞ ለሀገር አቀፉ ውድድር የመጠራት ተስፋችን የመነመነ። እና ልጆቹ እንዴት እንደተጫወቱ ብነግራችሁ! በመደበኛው ሰዓት እኩል ወጡና ተጨማሪ ሰዓት ሄዱ። የእህቴ ልጅ ያንን ጨዋታ ተቀምጦ ቢያየው ስለ ልብ ያለውን አይደግመውም። አንድ ኳስ ከመስመር እንዳትወጣ ተብሎ ወንበር ላይ የሚወድቅ ተጫዋች ልቡ የት ነው ያለው? 75 ለ 69 አሸነፉ። ሲያልቅ አያምር ሲሉ የከረሙ ሰዎች ቆመው ያለቅሱ ነበር።

ለእኔ ግን ነገሩ የተቀየረው ከጨዋታው በኋላ ነው። ሰው እየወጣ ነው፣ ጋሼ አልነሳ አሉ። ከእኛ ሁለት ረድፍ ዝቅ ብሎ ብርቱካንማ ሹራብ የለበሰ፣ በእድሜ ከጋሼ የማይተናነስ የቨርጂኒያ ደጋፊ እንደዚሁ አልነሳ ብሏል። ጨዋታው ላይ ሁለቱም ሲጮኹ ነበር፤ አንዱ ዳኛውን ሲረግም ሌላው ያጨበጭባል። ሰውዬው ዞሮ ጋሼን አያቸውና እጁን ዘረጋ። እንኳን ደስ አላችሁ አለ። ቀጠለና «ባያስን አይተኸዋል?» ብሎ ጠየቃቸው።

ያ ጥያቄ ከፈታቸው። ጋሼ ወንበሩን ተሻግረው አጠገቡ ተቀመጡ። ባያስ በ1986 ቻፕል ሂል ላይ አንደኛ የነበረውን ኖርዝ ካሮላይናን 35 ነጥብ አስቆጥሮ ያሸነፈባትን ማታ አነሱ። ሰውዬው ስለ ቨርጂኒያው ኮከብ ራልፍ ሳምፕሰን አወራ፤ ጋሼ ያንን ጊዜ አልደረሱበትም፤ ግን ከሬዲዮ ያውቁታል። በ1974 ሜሪላንድ ግሪንስቦሮ ላይ በኖርዝ ካሮላይና ስቴት 103 ለ 100 የተሸነፈበትን የኤሲሲ ፍጻሜ ሰውዬው በልጅነቱ በቴሌቪዥን አይቶታል። ያኔ ከአንድ ኮንፈረንስ ወደ ሀገር አቀፉ ውድድር የሚያልፈው ሻምፒዮኑ ብቻ ስለነበር፣ በሀገሪቱ ከምርጦቹ አንዱ የነበረ ቡድን ቤቱ ቀረ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሕጉ ተለውጦ ሌሎችም ይጠሩ ጀመር። ይህን ታሪክ ለጋሼ የሚነግራቸው የሜሪላንድ ሰው ሳይሆን ባላጋራ ነው! እና በቁጭት ነው የሚነግራቸው፤ እንደ ራሱ ሽንፈት።

ጆሮዬን ጥዬ እየሰማሁ ነበር። ከሁለት ሰዓት በፊት እነዚህ ሰዎች ጎን ለጎን ቢቀመጡ ይጣሉ ነበር። አሁን አንዱ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ሌላው ይጨርሳል። አንዱ የጎንደር ልጅ፣ አንዱ የቻርሎትስቪል ሰው፤ በቋንቋ፣ በሃይማኖት፣ በኑሮ የሚያገናኛቸው የለም። የሚያገናኛቸው በአንድ ሊግ ውስጥ ስንት ዓመት ተቃራኒ ወገን ሆነው መቆየታቸው ነው። ያኔ ነው የገባኝ፤ ባላጋራ ምስክርህ ነው። ያሸነፍክበትን ቀን ካንተ እኩል የሚያስታውሰው የተሸነፈው ሰው ነው። ኮንፈረንስ ስትቀይር የምታጣው ምስክሮችህን ነው፤ አዲሱ ሰፈር ውስጥ ባያስ ማን እንደሆነ ስምና ፎቶ ያውቁ ይሆናል፣ ግን ባያስ ያስለቀሰው ሰው እዚያ የለም።

መኪና ውስጥ ሆነን ጋሼ ነጠላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው «ከእንግዲህ ይህን ማን ይጠይቀኛል?» አሉ። መልስ የሚፈልጉ አልመሰለኝም፤ ዝም ብዬ ነዳሁ።

እኛ ስደተኞች ይህን ነገር ከሌላው ሰው ቀድመን የምናውቀው ይመስለኛል። ሀገር ስትለቅ የሚናፍቅህ ወዳጅህ ብቻ አይደለም። ሰፈር ውስጥ ተጣልተህ የማታናግረው ጎረቤት፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ሁሌ አንደኛ የሚወጣብህ ልጅ፣ ስታዲየም ውስጥ የሌላው ቡድን ማሊያ ለብሶ የሚያበሽቅህ ሰው፤ እነሱም ይናፍቃሉ። አዲሱ ሀገር ደህና ኑሮ ይሰጥሃል። ማን እንደነበርክ የሚያውቅ ጠላት ግን አይሰጥህም። ጋሼ ኤሲሲን የወደዱት ለዚህ ነበር መሰለኝ፤ እዚህ ሀገር መጀመሪያ ያገኙት ቂም እሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ

ከአራት ቀን በኋላ ግሪንስቦሮ ላይ፣ በዚያው በ1974ቱ አዳራሽ፣ ከፍሎሪዳ ስቴት ጋር ተጫወቱ። የፍሎሪዳ ስቴቱ ቦሪስ ቦያኖቭስኪ ሰዓቱ ሊያልቅ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ሲቀረው ዳንክ አደረገ። 67 ለ 65። ስድሳ ዓመት በሁለት ነጥብ ተዘጋ። በዚያው ሳምንት መጨረሻ ቨርጂኒያ ዱክን አሸንፎ የኤሲሲን ዋንጫ ወሰደ፤ እኛ እሑድ ያሸነፍነው ቡድን።

በዚያ ጸደይ አምስት ተጫዋቾች ሜሪላንድን ለቀው ወጡ። ሁለቱ የሄዱበትን ስሰማ ገረመኝ። ዱክ ላይ ኳሷ ብረት የመለሰችበት ሚቼል ወዳደገበት ግዛት ተመልሶ ጆርጂያ ቴክ ገባ። ሴት አለን፣ በ2013 ዱክ ለመጨረሻ ጊዜ ኮሌጅ ፓርክ ሲመጣ 83 ለ 81 ያሸነፍንበትን ቅጣት ምት የመታው ልጅ፣ ቨርጂኒያ ቴክ ገባ። ሁለቱም የኤሲሲ ቡድኖች ናቸው። የየራሳቸው ምክንያት ይኖራቸዋል፣ በእነሱ ቦታ ሆኜ አልናገርም። ግን ዩኒቨርሲቲው ኤሲሲን ሲለቅ ሁለቱ ልጆች ኤሲሲ ውስጥ ቀሩ። ልባቸው ቀድሞ ሄዶ ነበር ለሚል ሰው ይህን ነው የማነሳበት።

ቢግ ቴን ክፉ አልሆነም። ሜሎ ትሪምብል መጣ፣ ዌልስና ሌይማን ቆዩ፣ ሁለተኛ ወጡ። ጋሼም ሬዲዮዋን አልተዉም። ግን እኔ የምከራከርበት ነገር አለ፤ ኮንፈረንስ መልቀቅና ባላጋራን መልቀቅ አንድ መሆን የለባቸውም። ሳውዝ ካሮላይና በ1971 ኤሲሲን ለቅቆ ሲወጣ ከባላጋራው ከክሌምሰን ጋር በአሜሪካ ፉትቦል መገናኘቱን አልተወም። ጆርጅታውንና ሲራክዩስ ከተለያዩ ከጥቂት ዓመት በኋላ ቀጠሮ ይዘው እንደገና መጫወት ጀምረዋል። እያንዳንዱ ቡድን በኅዳርና በታኅሣሥ ከኮንፈረንሱ ውጪ ከፈለገው ጋር የሚጫወትበት ጊዜ አለው፤ ያ ጊዜ ስማቸውን በማናውቃቸው ቡድኖች ነው የሚሞላው። ከዚያ ውስጥ አንድ ማታ ለዱክ፣ አንድ ማታ ለቨርጂኒያ፣ አንድ ዓመት እነሱ ጋ፣ አንድ ዓመት ኮሌጅ ፓርክ። የቅጣቱን ሚሊዮን ለመከራከር ጠበቃ የቀጠሩ ሁለት ወገኖች ለዚህ የሚሆን አንድ ገጽ ውል መጻፍ አያቅታቸውም ነበር።